«ኦይል ሲል» በአማርኛ፦ ስለ ፒክአፕ የፊት አክስል ዘይት ማፍሰስና ስለ ስያሜዎቹ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣና ዳርቻ ለሚሠሩ ሾፌሮች ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የተባዛ አንድ የመኪና እንክብካቤ መመሪያ እጃችን ገብቶ ነበር። ከትእዛዞቹ አንዱ «የፊት አክስሉን ማኅተም መርምር፤ ተጎድቶ ከተገኘ በአዲስ ለውጥ» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም። ቃላቱም ሁሉ አማርኛ ናቸው። ሆኖም መመሪያው የተሰጠው አንድ የፒክአፕ ሾፌር «ማኅተም» የሚለውን ያነበበው በመብራት ቆጣሪና በነዳጅ መቅጃ ላይ እንደሚታሰረው የእርሳስ ማኅተም አድርጎ ነበር። ከመኪናው ሥር ገብቶ ቢፈልግ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘም፤ የተሰበረም አልታየውም። ስለዚህ በቅጹ ላይ «ደኅና ነው» ብሎ ሞላ። ከወራት በኋላ ከአዲስ ዘመን በላይ ካለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ጎተተው። ከፊት ጎማዎች የአንደኛው ፍሬን ሸራ በዘይት ርሶ ኖሮ የሚይዘው ሌላው ብቻ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ዓሣው ግን መንገድ ላይ ተበተነ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ያ ዘይት ከየት መጣ የሚለውንና በአማርኛ እንዴት ቢነገር ሾፌሩ በጊዜው ሊያገኘው ይችል እንደነበር ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሊነጣጠሉ እንደማይችሉ የተረዳነው በባሕር ዳር ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆመን ነው፤ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ዕቃውን ማወቅ ያሻል።

ወጥ የፊት አክስል ያለው ባለ አራት ጎማ ግፊት ፒክአፕ በአገራችን እንግዳ አይደለም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1979 የወጣው የቶዮታ ሂሉክስ ባለ አራት ጎማ ግፊት ዓይነት እንዲህ ነበር፤ በ1984 የወጣውና እስከ ዛሬ የሚመረተው ላንድ ክሩዘር 70ም እንዲሁ ነው። በእነዚህ መኪናዎች መካከል ላይ ዲፈረንሻሉ ዘይት ውስጥ ተቀምጦ ይሽከረከራል። ከእርሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት ዘንጎች በቱቦ ውስጥ አልፈው ወደ ጎማዎቹ ይሄዳሉ። የፊት ጎማ ደግሞ መገፋት ብቻ ሳይሆን መዞርም ስላለበት፣ በየቱቦው ጫፍ ላይ እንደ ኳስ የለሰለሰ ክብ ብረት አለ፤ በዚያ ላይ መሪው የሚያዞረው መጋጠሚያ ተሰክቷል። እንግሊዞች ይህን መጋጠሚያ በጣት መገጣጠሚያ ስም ይጠሩታል። እኛ «አንጓ» ብንለው ከሸምበቆውም ከጣቱም ጋር ስለሚስማማ የሚያስቸግር አይመስለንም።

በአንጓው ውስጥ ያለው ቅባት ወፍራም ግሪስ ነው። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ግን ቀጭን ዘይት ነው። ሁለቱ እንዳይገናኙ በቱቦው ጫፍ፣ በዘንጉ ዙሪያ የተገጠመ አንድ የጎማ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ቀጭን ከንፈር አለው፤ ከንፈሩን ከዘንጉ ጋር የሚያጣብቀው ደግሞ ከጀርባው የተጠመጠመ ቀጭን ሞላ ነው። ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ከአንጓው በስተኋላ፣ በኳሱ ላይ እየተንሸራተተ ጭቃና አቧራ የሚጠርግ፣ ከጎማና ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራ ዙሪያ ነው። ሦስተኛው ከጎማው እምብርት፣ ጣልያኖች «ሞዞ» ከሚሉት ቦታ፣ ከፍሬኑ አጠገብ ያለው ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሦስቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ልዩነታቸውን የሚያሳየው በቅጽልና በሥዕል ነው። ሥዕሉ ተርጓሚው እጅ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ቅጽሉም አንዳንድ ጊዜ አብሮት ይቀራል።

የመጀመሪያው ሲያረጅ ዘይቱ ወደ አንጓው ይገባና ግሪሱን ያቀጥነዋል። የቀጠነው ጥቁር ቅልቅል በሁለተኛው በኩል ይወጣና በኳሱ ላይ ይታያል። ሦስተኛውም ከደከመ ቅልቅሉ እስከ ፍሬኑ ይዘልቃል፤ የሾፌራችን መኪና የደረሰበት ይኸው ነው። እንግዲህ ዓይን የሚያየው ሁለተኛውን ነው፤ የበደለው ግን የመጀመሪያው ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል በሚጠሩበት ቋንቋ «ሲሉን ለውጥ» የተባለ ሰው የሚታየውን ቢለውጥ አይፈረድበትም። ገንዘቡን ከፍሎ ከወጣ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዘይቱ ተመልሶ ይታያል።

ባሕር ዳር ያየነው ይህንኑ ነው። አንዲት ፒክአፕ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶና አምባዛ ጭና ስትመላለስ ከርማ የቀኝ ጎማዋ ተፈቷል። ረዳቱ ልጅ ወደ ዕቃ መሸጫ ሊሄድ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ የቱን ሲል ላምጣ?» አለ። አንጋፋው መካኒክ ራሱን ከጎማው ሥር ሳያወጣ፣ «የውስጡን! ዘይቱን የሚያግደውን። የሚጠርገውን አላልኩህም» ብሎ መለሰ። እኛ ከአዲስ አበባ ይዘነው የሄድነው ዝርዝር በዚያች ቅጽበት ዋጋ አጣ። አምስት እጩ ቃላት ነበሩበት፤ «ያግዳል» እና «ይጠርጋል» የሚሉት ሁለት ግሦች ግን አልነበሩበትም።

ልጁ የተናገረው «ሲል» ከእንግሊዝኛው የመጣ ነው፤ በዕቃ መሸጫዎች ሁሉ «ኦይል ሲል» ተብሎ ይሸጣል፤ በአፍ ሲነገርም ችግር የለበትም። በጽሑፍ ግን አንድ ጉድ አለበት። «ሲል» በአማርኛ «ባለ ጊዜ» ማለት ነውና «ኦይል ሲል» በገጽ ላይ ሲነበብ አንድ ሰው ኦይል እንደተናገረ ያስመስላል። የማረሚያ ሠራተኛ በቅን ልብ ተነሣሥቶ «ኦይል ብሎ ሲናገር» ብሎ ቢያስተካክለው ምን እንላለን? በጨዋታ የተነሣ ነገር ነው፤ ቢሆንም አጫጭር የባዕድ ቃላት በግእዝ ፊደል ሲጻፉ ከነባሮቹ ጋር መጋጨታቸው ቃል አውጪዎች ሊዘነጉት የማይገባ ነው።

የጋራዡ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የጣልያንኛ ልጅ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ መኪናዎቻቸውን ከነስማቸው አምጥተው ስሙን ትተውልን ሄደዋል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፣ ናፍታ፦ እነዚህን የማያውቅ ሾፌር የለም፤ ብዙዎቹንም ባዕድ ናቸው ብሎ የሚያስብ የለም። ከእነዚህ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅመው «ፓራፋንጎ» ነው። «ፋንጎ» ጭቃ ነው፤ «ፓራ» መከላከልን፣ ማገድን ያሳያል። ጣልያኖች ይህንን የጎማ ቀለበት «ፓራኦሊዮ» ይሉታል፤ «ኦሊዮ» ዘይት ስለሆነ ቃሉ ያለ ትርፍ «ዘይት የሚያግድ» ማለት ነው። ከጎማው ሥር የነበሩት አንጋፋ ጣልያንኛ ይወቁ አይወቁ አልጠየቅናቸውም። በአማርኛ የተናገሩት ግን ከዚያው ሐሳብ ጋር ቃል በቃል የሚገጥም ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች ዕቃውን ከየት በኩል እንደያዙት ማየትም ይጠቅማል። እንግሊዝኛው የተነሣው ከላቲን «ሲጊሉም» ነው፤ ትንሽ ምስል፣ ማለትም የቀለበት ማኅተም ምልክት ማለት ነው። ከሰም ላይ ማኅተም ወደ መዝጋት፣ ከመዝጋት ወደ ዘይት ማገድ ተሻግሯል። የእኛ ተርጓሚ የወሰደው የመንገዱን መነሻ ነው፤ መድረሻውን አልተከተለም። ሩስያውያን «ሳልኒክ» ይላሉ፤ «ሳሎ» ሞራ ነው፤ ድሮ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ በሞራ በተነከረ ገመድ ይጠቀጠቅ ስለነበር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ቃል ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም፤ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነበርና። ጀርመኖች ከመደበኛው ስም ሌላ በመሐንዲሱ በቫልተር ዚመር ስም «ዚመሪንግ» ይሉታል። ከአራቱ ለእኛ አብነት የሚሆነው የጣልያንኛው ነው፤ ስሙን ያወጣው ከሥራው ነውና፣ ዕቃውን አይቶ የማያውቅም ሰው ስሙን ሰምቶ ምን እንደሚሠራ ይገምታል።

ነባሩ የስያሜ ደንባችን በቅድሚያ ከራሱ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግእዝ፣ ከዚያም ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፈልገን ካጣን ብቻ የባዕዱን ቃል እንድንቀበል ያዛል። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ደጃፍ አልፈን መሄድ አያስፈልገንም። ቢሆንም አማርኛ የሚሰጠው ቃል አንድ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ የቀረቡትን እንመዝን።

«ዘይት መያዣ» የሚሉ አሉ። ይህ ግን ጣሳም፣ በርሜልም፣ ጀሪካንም ነው። «መክደኛ» የማይንቀሳቀስ ነገርን ያሳያል፤ የእኛ ዕቃ ሥራው የሚሽከረከር ዘንግ ላይ ነው። «መከላከያ» ብዙ ሸክም ተሸክሟል፤ ከጦሩ ጀምሮ እስከ መኪናው የፊት ግጭት መከላከያ ድረስ። «ገዳቢ» ውብ ቃል ነው፤ የዓባይ መውጫ ላይ ጨረጨራን የሚያውቅ የባሕር ዳር ሰው ግድብን ማስረዳት አያሻውም። ነገር ግን ገደብ ዛሬ ልክን፣ ወሰንን ያሳያል። «ፍጥነት ገዳቢ» የሚለው በትራፊክ ቋንቋ ከገባ ወዲህ «ዘይት ገዳቢ» የዘይቱን መጠን የሚቀንስ መሣሪያ ይመስላል። ስለዚህ የአንጋፋውን ግሥ ተከትለን «ዘይት አጋጅ» እንላለን።

በ«አጋጅ» ላይ አንድ ተቃውሞ ቀርቦልናል። አገደ ማለት ከሥራ ማስቆም ነው፤ ከብት መጠበቅም ነው፤ ታዲያ ዘይት አጋጅ የዘይት እረኛ ሊሆን ነውን? መልሳችን እረኛውን አትናቁት የሚል ነው። ከብት የሚያግድ ሰው ላሞቹን በግንብ አይከብም፤ ዳር ዳሩን እየሄደ ከማሳ እንዳይገቡ ይመልሳል። የቀለበቱ ከንፈርም ፈጽሞ አይዘጋም። በከንፈሩና በዘንጉ መካከል እጅግ ስስ የሆነ የዘይት ሽፋን መኖር አለበት፤ ሽፋኑ ከጠፋ ከንፈሩ በደረቅ ተፋትጎ ይቃጠላል። «መክደኛ» እና «ማኅተም» ይህንን ጠባይ ይሸፍኑታል፤ «አጋጅ» ግን ቦታ ይተውለታል።

ይህ ጠባይ ወደ ሌላው የቃል ችግር ይወስደናል። ጥቂት ዘይት መታየቱ ሁልጊዜ ብልሽት ካልሆነ፣ መቼ ነው «አፈሰሰ» የሚባለው? አማርኛ እዚህ ላይ ባለጸጋ ሆኖ ሳለ ተርጓሚዎች ሁሉንም «ማፍሰስ» እያሉ ይጨርሱታል። «ማፍሰስ» ጣሪያም የሚያደርገው፣ ሰውም ከጣሳ የሚያደርገው ነው። ከእርሱ በፊት ግን ሌሎች አሉ። ፊት ይወዛል፤ ግንባር ያልባል፤ ክዳኑ ዝናብ ካባራ በኋላ ይጠፈጥፋል፤ እንስራ ያንጠባጥባል። በእነዚህ መካከል ያለው ርቀት ለመካኒኩ የገንዘብ ርቀት ነው። የኳሱ ወለል ስስ ቅባት ለብሶ ቢያብለጨልጭ የሚያስፈልገው መጥረግና ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ ማየት ነው። ጠብታ ከተሠራና መሬት ላይ ከወደቀ ግን ጎማው ይፈታ። ስለዚህ «መውዛት»፣ «ማንጠባጠብ»፣ «ማፍሰስ» የሚሉትን በሦስት ደረጃ እንዲለዩ እንመክራለን። «ወዝ» በዘመናችን የተከበረ ቃል ነው፤ በአብዮቱ ዘመን «ወዝ አደር» የሚለውን አስገኝቷል። ለመኪና አክስል ቢውል ክብሩ አይቀንስም።

ደረጃዎቹ እንደ ዕቃው እንደሚለወጡም የሐይቁ ሰው በቀላሉ ያስረዳል። የጣና ታንኳ ከደንገል የተሠራ ነው፤ ውኃ በደንገሉ መካከል ያልፋል፤ ቢያልፍም ይንሳፈፋል፤ ሥራው ሲያበቃ ከውኃ ወጥቶ ይደርቃል። ታንኳ «አፈሰሰ» አይባልም። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ በሚሄዱት የሞተር ጀልባዎች ግን ሞተሩ ከውስጥ ከሆነ የመቅዘፊያው ዘንግ በጀልባው ገላ ቀዳዳ በኩል ይወጣል። በቀድሞው ዘዴ ቀዳዳው በተቀባ ገመድ ይጠቀጠቃል፤ ዘንጉ ሲሽከረከርም ጥቂት ጠብታ እንዲያልፍ ሆን ተብሎ ይተዋል፤ ያ ጠብታ ገመዱን ያቀዘቅዘዋል። በጀልባው «ማንጠባጠብ» ጤንነት ነው፤ በፒክአፑ ግን ሕመም። በሁለቱም ላይ ሥራው አንድ ስለሆነ «አጋጅ» የሚለው ራስ ቃል ሁለቱንም ይይዛል፦ ዘይት አጋጅ፣ ውኃ አጋጅ። በኳሱ ላይ የሚንሸራተተው ግን ዋና ሥራው መጥረግ ነውና «ጠራጊ» ይባል፤ «የአንጓ ጠራጊ»። «አቧራ አጋጅ» ማለት ይቻል ነበር፤ እኛ ግን ከዘይት አጋጁ ጋር የሚያምታታ ስም እንዲሰጠው አንፈልግም። የጽሑፉ ጉዳይ ከዚህ ያለፈ አልነበረም ማለት ይቻላል።

አንድ ቃል ይቀራል፤ ከሁሉ ርካሹን መፍትሔ የያዘው እርሱ ነው። በአክስሉ ቤት ላይ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ ከነቆቡ አለ። «መተንፈሻ» ይባላል፤ ተርጓሚዎችም መካኒኮችም ያለ ክርክር የተስማሙበት ቃል ነው። መኪናው ሲሄድ ዘይቱ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። ክረምት ላይ በፎገራ ዋልካ መሬት የሄደ ሁሉ ጭቃው እንዴት እንደሚጣበቅ ያውቃል። መተንፈሻው በዚያ ጭቃ ከተደፈነ የሰፋው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በአጋጁ ከንፈር በኩል ይገፋዋል። በተቃራኒውም አለ። የሞቀ አክስል እንደ ርብና ጉማራ ባለ ወንዝ ውኃ ውስጥ በድንገት ሲጠልቅ አየሩ ይኮማተርና ውኃን ወደ ውስጥ ይስባል። እንዲህ የሆነበትን ዘይት መካኒኩ ቀድቶ አሳየን፤ ነጣ ብሎ «ማኪያቶ» መስሎ ነበር። እርሳቸውም ያሉት ይህንኑ ቃል ነው። አጋጁ ከመለወጡ በፊት መተንፈሻው ካልተጠረገ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል።

«አክስል» ግን እንዳለ ይቀመጥ። «ዘንግ» ብለን ብንተካው የሚሽከረከረውን ዘንግና ዘንጉ የሚያልፍበትን ቱቦ እናደባልቃለን፤ የእንግሊዝኛውን ጥፋት ወደ አማርኛ እናስገባለን። የሚሽከረከረውን «የአክስል ዘንግ»፣ ውጫዊውን «የአክስል ቤት» ማለት ይበቃል።

ለመዝገበ ቃላት የሚቀርበው ፍቺ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ዘይት አጋጅ (ስ.)፦ ከአንድ ቤት ወደ ውጭ በሚያልፍ ተሽከርካሪ ዘንግ ዙሪያ የሚገጠም፣ በሞላ የተደገፈ ስስ ከንፈር ያለው የጎማ ቀለበት፤ ዘይቱ ከቤቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ሲገጠም የከንፈሩ ሞላ ወደ ዘይቱ ይዞራል። ከ«ጠራጊ» ይለያል።

የሞላውን አቅጣጫ በፍቺው ውስጥ ማስገባታችን ለመዝገበ ቃላት የበዛ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛ ግን ተገልብጦ የተገጠመ አጋጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያፈስ አይተን ነው፤ ይህ የዕቃው የመታወቂያ ጠባይ ነውና ከፍቺው ሊወጣ አይገባውም።

በመጨረሻም ያንን የመመሪያ ዐረፍተ ነገር እንደገና ተርጉመነዋል። ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ማሳጠር የሚሻ ተርጓሚ ቢኖር ደስ ይለናል፤ ትርጉሙን ሳያሳጥር ብቻ፦

«ከፊት ጎማ በስተኋላ ያለውን ክብ ብረት እይ። ስስ ቅባት ብቻ ወዝቶ ከሆነ ጥረግና ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ እይ። ቀጭን ጥቁር ዘይት የሚያንጠባጥብና የድኝ ሽታ ያለው ከሆነ የውስጡ ዘይት አጋጅ ደክሟል፤ ጠራጊውን ብቻ መለወጥ አይበቃም። በቅድሚያ የአክስሉን መተንፈሻ አጽዳ። ከዚያም ዘንጉ ይውጣ፤ ከንፈሩ የሚያርፍበት የዘንጉ ገጽ በጣት ይዳሰስ፤ ጎድጎድ ካለ አዲስ አጋጅ ብቻውን አያግደውም። ዘይት እስከ ፍሬኑ ደርሶ ከሆነ የፍሬኑ ሸራ ሳይለወጥ መኪናው አይነዳ።»